ስለ ሀገር ክብርና ስለ ትግል ሕግ

የሀገር ክብር በምን ይጠበቃል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ በድል ይጠበቃል ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ዘወትር ድል የሚያደርግ ሕዝብ እስከ ዛሬ በምድር ላይ አልታየምና፣ ክብሩን በድል ላይ ብቻ የሰቀለ ሰው በተሸነፈበት ዕለት የሚይዘው ነገር ያጣል። ያን ጊዜ ወይ ራሱን ይጠላል፣ ወይ ያሸነፈውን ሊገድል ይነሣል። ስለዚህ ሽንፈትን ያለ ውርደት ለመቀበል የሚያስችል ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ ድልን ብቻ ከሚያውቅ ሕዝብ ይልቅ ክብሩ የጸና ነው ብለን እናምናለን። ይህን ነገር ያነሣነው ስለ መተማና ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ በማሰብ ነው፤ ምሳሌውን ግን ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከጃፓን ሀገር እናመጣለን።

ጃፓንና መተማን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የዘመን መዝገብ ያገናኛቸዋል እንላለን። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉራ ላይ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉበት ሰሞን፣ የጃፓን መንግሥት ሳሙራይ የሚባሉት የጦር ባላባቶች ሰይፍ ታጥቀው በአደባባይ እንዳይሄዱ ዐዋጅ አወጣ። በየካቲት 1881 ዓ.ም. የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ለሕዝባቸው ሕገ መንግሥት ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሕይወታቸውን ለሃይማኖታቸውና ለሀገራቸው ሰጡ። አንዱ ሕዝብ ሰይፉን ወደ ሰገባው ሲመልስ፣ ሌላው ጠላት ዙሪያውን ከቦት ነበርና ሰይፉን ሊያስቀምጥ አልቻለም። ይህን ስንል አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ጃፓን ደሴት ናትና ባሕር ያጥራታል፤ መተማ ግን በር ናት።

ኋላም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ ብዙ ነገር እንደ ወሰደ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ እንዳሳተሙ የታወቀ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለ ጃፓን ስንነጋገር የምናነሣው ፋብሪካውን፣ መርከቡንና ትምህርት ቤቱን ነው። ስለ ትግሉ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ነገሩ የጨዋታ ነገር መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጃፓን ሰዎች ሰይፋቸውን ካስቀመጡ በኋላ ክብራቸውን የት እንዳኖሩት ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ከፋብሪካው ይልቅ የትግሉን ቤት ቢያይ ብዙ ይማራል።

ሰይፍ ከተከለከለ በኋላ የቀድሞው የጦር ጥበብ ሁሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ተቈጠረ። ጁጁትሱ የሚባለውን የባዶ እጅ ትግል የሚያስተምሩት መምህራን ተማሪ አጡ። በዚህ ጊዜ ጂጎሮ ካኖ የሚባል፣ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የ21 ዓመት ወጣት ከነዚህ መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ጥበባቸውን ለቀመ፤ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚያደርሰውን ለይቶ ከነጻው ልምምድ አወጣ፤ የቀረውን በሥርዓት አቀናብሮ በ1874 ዓ.ም. ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ገዳም ውስጥ፣ 12 ሰሌን በሚነጠፍባት ክፍል፣ 9 ተማሪዎች ይዞ ማስተማር ጀመረ። ስሙንም ጁዶ አለው። ዶ ማለት በቋንቋቸው መንገድ ማለት ነውና፣ ጁዶ የገርነት መንገድ ተብሎ ይተረጐማል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው ሰውን መጣል አይደለም፤ መውደቅን ነው። አንገቱን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ክንዱን እንዴት አድርጎ መሬቱን እንደሚመታ፣ ጐኑን እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ ሌላውን ለመጣል እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ራሱ ብዙ ጊዜ እየወደቀ ይለማመዳል። መውደቅን ያልለመደ ሰው ሲገፉት ይደነግጣል፤ የደነገጠም ሰው በጥርሱም በጥፍሩም ይከላከላል። የለመደው ግን ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ለጣለውም ሰው እጅ ይነሣል። ሳይጀምሩ እጅ መነሣሣት፣ ሲጨርሱም እጅ መነሣሣት ለሁለቱም ተጋጣሚዎች ግዴታ ነው።

ካኖ ከሃያ ዓመት በላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኖ የሠራ ሰው ነበረና፣ ነገሩን ሁሉ ያየው በአስተማሪ ዓይን ነው። ጥበቡንም በሀገሩ ደብቆ አላስቀረውም። ደቀ መዛሙርቱን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ላከ፤ በ1901 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1940ን የኦሊምፒክ ጨዋታ ለቶኪዮ ለማስፈቀድ ብዙ ደከመ። ጨዋታው ተፈቅዶ ሳለ በቻይና በተነሣው ጦርነት ምክንያት ቀረ። ካኖም በ1930 ዓ.ም. በካይሮ ከተደረገው የኦሊምፒክ ጉባኤ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሳለ ዐረፈ። የድካሙን ፍሬ ሳያይ ሞተ ማለት ነው፤ ፍሬው የታየው ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

ያም ዘመን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የእኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ፈጽሞ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለት ቀን ቈይቶ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ነገር ተደረገ። ጃፓኖች ለጁዶ ብለው ቡዶካን የተባለውን ታላቅ አዳራሽ ሠርተው ነበር፤ ጁዶ በኦሊምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው ጊዜ ነውና፣ ከአራቱ የወርቅ ሜዳልያ ሦስቱን ወስደው አራተኛውን ይጠብቁ ነበር። አራተኛው በክብደት ያልተለየ፣ ሁሉም ከሁሉም የሚገጥምበት ነው። ለእነርሱ ዋናው ይህ ነበር፤ የገርነት መንገድ ትንሹን ከትልቁ ያስተካክላል የሚለው ትምህርት የሚፈተነው በዚህ ነውና። በመጨረሻው ግጥሚያ አንቶን ጌሲንክ የተባለ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚቃረብ የሆላንድ ሰው፣ አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ እስከ ተወሰነው ጊዜ ድረስ እንዳይነሣ አደረገው። አዳራሹ ዝም አለ። የሆላንድ ሰዎች ግን በደስታ ዘለው ወደ መጋጠሚያው ሊወጡ ሲሉ፣ ጌሲንክ ገና ከተሸናፊው ሳይለይ እጁን አንሥቶ ከለከላቸው። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ልብሱን አስተካክሎ እጅ ነሣ።

ይህችን የእጅ ምልክት ጃፓኖች እስከ ዛሬ ያወሷታል። ትምህርቱ ከሀገራቸው ወጥቶ በባዕድ ሰው ልብ ውስጥ እንደ ገባ ያዩባት እርስዋ ናትና። ሜዳልያው ሄደ፤ ሥርዓቱ ግን የእነርሱ እንደ ሆነ ታወቀ። እኛ እንደሚመስለን ጃፓን በዚያ ቀን ካገኘችው ክብር የሚበልጥ ክብር በትግል አላገኘችም፤ ካሚናጋ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ጁዶ የአንድ ሀገር ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ነገር ግን ጃፓን ይህን ትምህርት ሙሉ በሙሉ ተምራው ነበር ብንል እውነቱን መሸፈን ይሆንብናል። አበበ ባሸነፈበት በዚያው ማራቶን፣ ኮኪቺ ፁቡራያ የሚባል የጃፓን የጦር መኰንን ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ግን እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ በመጨረሻው ዙር አልፎት ሦስተኛ ወጣ። በዚያ ዓመት ጃፓን በሩጫና በመሰል ውድድር ያገኘችው ሜዳልያ የእርሱ የነሐስ ሜዳልያ ብቻ ነበር፤ ለእርሱ ግን በሕዝብ ፊት እንደ ደረሰበት ውርደት ሆነበት። በሜክሲኮ እክሳለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ሕመም አሸነፈው፤ የሜክሲኮ ጨዋታ ከመድረሱ በፊት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ለወላጆቹ በተወው ጽሑፍ ስላበሉት ምግብ አንድ በአንድ አመስግኖ፣ እጅግ እንደ ደከመውና ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል ነገራቸው። በትግል ቤት መውደቅን ለልጆቹ የሚያስተምር ሕዝብ ለሯጩ ሳያስተምረው ቀረ። የሀገር ክብር የተባለው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲጫን ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም። እኛም ብር ወይም ነሐስ ይዞ የተመለሰውን ሯጭ እንደ ጥፋተኛ ስንመለከተው የምንታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና ይህ ነገር ይመለከተናል።

ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ጁዶ ዓለምን ሁሉ ያዘ፤ ዛሬ በፈረንሳይ ተመዝግበው የሚማሩት ሰዎች ቍጥር ከጃፓን ይበልጣል። ጌሲንክ ራሱ፣ ዳኛና ተመልካች ተጋጣሚዎችን እንዲለዩ ከነጩ ልብስ ሌላ ሰማያዊ ልብስ ይጨመር ሲል፣ ጃፓኖች ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 በድምፅ ተረቱና ሰማያዊው ገባ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በዚያው በቡዶካን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ፣ ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው በቡድን በሚጋጠሙበት ውድድር ፈረንሳይ ጃፓንን በመጨረሻው ግጥሚያ ድል አደረገች። የጃፓን ልጆች አለቀሱ፤ እጅ ነሡም።

ከነጩ ልብስ ጠበቆች የሚበልጡ ጠባቂዎችም አሉ። ኬንዶ የሚባለውን የሰይፍ ጥበብ በቀርከሃ ሰይፍ የሚያስተምሩት ጃፓኖች፣ ሥርዓቱ ይበላሽብናል ብለው ጥበባቸው ወደ ኦሊምፒክ እንዲገባ እስከ ዛሬ አይወዱም። የራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮና ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1970 ጀምረው አቁመዋል፤ በ2006 የአሜሪካ ሰዎች የጃፓንን የወንዶች ቡድን ረትተውት፣ ዋንጫውን ኮርያ ወሰደች። በኬንዶ አንድ ሰው ነጥብ አግኝቶ በደስታ ቢዘል ወይም ቢፎክር ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙበት ይችላሉ። ይህ ሕግ በእኛ ዘንድ ቢወጣ ስንት ነጥብ በተሰረዘ ነበር!

ከአፍሪካም አንድ ሰው እንጥቀስ። በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ፣ ግብጻዊው መሐመድ ዐሊ ራሽዋን ለወርቅ የገጠመው ከጃፓኑ ያሱሂሮ ያማሺታ ጋር ነበር። ያማሺታ ቀድሞ በነበረው ግጥሚያ ቀኝ እግሩን ተጐድቶ ነበር፤ ራሽዋን የተጐዳውን እግር መምታት አልፈልግም ብሎ ተሸነፈ። ብር ይዞ ሲመለስ በሀገሩም በጃፓንም የተደረገለት አክብሮት ለብዙ ወርቅ አሸናፊዎች አልተደረገም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ከጎንደር ደጋ ወርዶ ገንዳ ውሃንና ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ የደረሰ ሰው፣ ከፊቱ የሱዳኑን ገላባት ያያል። ከተማይቱ የንጉሠ ነገሥቱን ስም የያዘችው በዚያ ስለ ወደቁ ነው። ጦራቸው የድርቡሽን አጥር ሰብሮ ድሉ ከእጅ በገባ ሰዓት በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በጦር ሕግ ቢቈጠር ይህ ቀን የድል ቀን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ለመቶ ሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ የመተማን ስም በኀፍረት አንሥቶት አያውቅም። ቋራም ከዚሁ ቆላ ነው። የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍና በሥርዓት በሠለጠነ ወታደር ተሸነፉ፤ ሠራዊትን በሥርዓት ማሠልጠንና መድፍ መሥራት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዉት ሐሳብ የሆነው ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው። እንግዲህ የወደቀን ማክበር፣ ከመውደቅም መማር ለዚህ ቆላ ባዕድ ትምህርት አይደለም።

ታዲያ በነገሥታቱ ታሪክ የምናውቀውን በመንደር ውስጥ ለምን እናጣዋለን? የጓንግና የሽንፋ ወንዞች የሚያጠጡት ሀገር ሰሊጥና ጥጥ፣ ማሽላም የሚበቅልበት ሰፊ ምድር ነው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላውም ደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ዐማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ ነጋዴውና ከወሰን ማዶ የሚመጣው ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛል። በዚህ ሀገር የሰው ክብር በትከሻው ላይ ባለው መሣሪያ መመዘን ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሠርግ ይተኰሳል፣ በልቅሶ ይተኰሳል። መሣሪያው ከወሰን ጠባቂነት የመጣ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በር የሆነ ሀገር ባዶ እጁን ሊያድር አልቻለም ነበርና አባቶች አይወቀሱም። ጕዳቱ የሚጀምረው መሣሪያው ለወሰን መሆኑ ቀርቶ ለፊት ዕይታ ሲሆን ነው። ሁለት ጐልማሶች በመጠጥ ቤት ወይም በእርሻ ድንበር በቃል ይጋጫሉ፤ አንዱ በሰው ፊት ተዋረድሁ ይላል፤ ውርደቱን የሚያወራርድበት ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ቃታ ይስባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ካህናት ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ደም ደምን ይጠራል፤ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች መስቀል ይዘው በሁለት ዘመድ መካከል ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ የደም ካሳ ይቈረጣል፤ እናት ግን ልጅዋን አታገኝም።

የጦር መሣሪያ ነገር በሕግ የሚዳኝ ስለ ሆነ የመንግሥት ፈንታ ነው። በዐማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የታየውንም ጦርነት የትግል ሜዳ ያበርደዋል የሚል የዋህነት የለንም። እኛ የምንናገረው ስለ መንደሩ ጠብ ነው። ጃፓን ሰይፍን በዐዋጅ ከለከለች፤ ዐዋጁ ብቻውን ግን ሳሙራይን ገር አላደረገውም፤ ከዐዋጁ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1869 ዓ.ም.፣ በሳፁማ የተነሡት ባላባቶች ከመንግሥት ጋር ታላቅ ጦርነት አድርገው ብዙ ሰው አልቋል። የሰውን ክብር ከሚኖርበት ቤት ሲያስወጡት ሌላ ቤት ካልሠሩለት፣ ተመልሶ ወደ ቀድሞው ይገባል። ካኖ ያንን ቤት ሠራ። በቆላው ግን ቤቱን እንደ አዲስ መሥራት እንኳ አያስፈልግም፤ ቆሞ አለና፣ መጠገን ብቻ ነው።

የገና ጨዋታን እናስታውስ። አባቶቻችን በልደት በዓል ሰሞን ጥንጓን፣ በአንዳንድ ስፍራ ሩር የሚሏትን፣ በቈልማማ በትር እየመቱ ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይገቡ ነበር። ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፍ፣ አልፎም በግጥም ቢሰድበው፣ ጌታው መቈጣት አይገባውም ነበር። ይህ ሕግ ማንም በብራና ሳይጽፈው በሀገር ሁሉ የታወቀ ነው። የክብር ሰው በዓመት አንድ ቀን በሕዝብ ፊት መሸነፍን እንዲለምድ የተሠራ ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ማን ሠርቷል? ትግልም እንዲሁ ነው። እረኛ ሁሉ ወገብ ለወገብ ተያይዞ፣ እግር በእግር ጠልፎ፣ ጀርባው መሬት የነካው ወደቀ ተብሎ ያደገበት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገናም፣ ለትግልም፣ ለፈረስ ጉግስም ሕግ አውጥቶ ክልሎችን ያወዳድራል። የሚመሰገን ሥራ ነው። ግን የውድድር ሜዳ በዓመት አንድ ጊዜ በታላቅ ከተማ ብቻ ሲዘረጋ፣ በነጋዴ ባሕርና በሽንፋ ያለው ጐልማሳ ተመልካች እንኳ ሊሆን አልቻለም። ጁዶ በጃፓን የጸናው በቡዶካን አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ ነው።

አንዳንድ ካህናት፣ የአሕዛብን ጨዋታ ምን አመጣብን፣ እጅ መንሣቱስ ስግደት አይደለምን ይሉ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። እኛ የጃፓንን ልብስ እንልበስ፣ በቋንቋቸውም እንቍጠር አላልንም፤ የራሳቸውን ጥበብ እንዴት እንዳስተካከሉት አይተን የራሳችንን እናስተካክል አልን እንጂ። እጅ መንሣትም በእኛ ዘንድ ሰው ለሰው የሚሰጠው ሰላምታ ነው፤ አምልኮ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የታጋይን ሕግ ለመንፈሳዊ ነገር ምሳሌ አድርጎ እንደ ወሰደ ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ያዕቆብም በያቦቅ ማዶ ሌሊቱን ሲታገል ያደረው፣ ሲነጋ የወጣው እያነከሰ ነው፤ እስራኤል የተባለውም በዚያው ሌሊት ነው። ይህን ታሪክ በቅኔውና በትርጓሜው የሚያመሰጥር ሊቅ፣ ለሚታገሉ ልጆች ሁለት ቃል ቢነግራቸው አይከብደውም።

ሹማምንት ደግሞ ሌላ ይጠይቁ ይሆናል፤ በወሰን ላይ ውድድር ማድረግ ጠብን አያነሣምን ይሉ ይሆናል። ስለዚህ ነገር ከወሰን ማዶ አንድ ምስክር አለን። በሱዳን የኑባ ተራሮች ሰዎች ትግላቸው እጅግ የታወቀ ነው፤ ወደ ካርቱም በተሰደዱም ጊዜ ይዘውት ሄደው በከተማው ዳር በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ የሚያየው ውድድር አድርገውት ነበር። በ2005 ዓ.ም. በካርቱም የጃፓን ኤምባሲ ባልደረባ የሆነ አንድ ዲፕሎማት ከነዚህ ታጋዮች ጋር ለመግጠም ፈቅዶ በአሸዋው ላይ ወጣ። ተጣለ። ሌላ ቀን ተመልሶ መጣ፤ እንደ ገና ተጣለ። ሕዝቡ አልሣቀበትም፤ ይልቁንም በጭብጨባ ተቀበለው፤ ወሬውም ከሱዳን አልፎ በዓለም ጋዜጣ ወጣ። አንድ የመንግሥት ወኪል በባዕድ ሀገር በሕዝብ ፊት ጀርባው መሬት ሲነካ ሀገሩ አልተዋረደችም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ካርቱም እጅግ ተጐዳች፤ ብዙ ሺህ ስደተኛም በመተማ በር ወደ ሀገራችን ገባ። ከነዚህ መካከል ትግል የሚያውቁ ይኖሩ ይሆናል። ከጐልማሶቻችን ጋር በሜዳ ቢገናኙ፣ በገበያ በተገናኙ ጊዜ የሚፈራሩት ይቀንሳል።

እንግዲህ የምናሳስበው ይህን ነው። በምዕራብ ጎንደር ዞን ያሉ የወረዳ ሹማምንት፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራንና የአጥቢያ አለቆች ተማክረው፣ በየወረዳው አንድ የትግልና የገና ሜዳ ይለዩ። ፌዴሬሽኑ ያወጣው ሕግ ተባዝቶ በየቀበሌው ይነበብ። ዳኞቹ ከሁለቱም ወገን የሚታመኑ ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ ጉሙዙ ከዐማራው፣ ቅማንቱ ከቀን ሠራተኛው ጋር ሲገጥም ዳኛው የአንዱ ወገን ብቻ ቢሆን ሜዳው ሌላ ጠብ ይወልዳልና። ልጆችን የሚያስተምረው ሰው ከመጣል በፊት መውደቅን ያስተምር፤ ይህ አጥንትም ያድናል። ወድቆ የተነሣ ለጣለው እጅ ሳይነሣ፣ የጣለውም የወደቀውን ሳያነሣ ከሜዳ አይውጣ። ፉከራውን ፈጽሞ እንከልክል አንልም፤ የሀገሩ ጌጥ ነው፤ ተሸናፊው ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ ግን ይቈይ። መሣሪያ ታጥቆ የመጣ ሁሉ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደሚያደርገው ከአጥሩ ውጭ ያስቀምጥ፤ የሚጠብቀውም ከሁለቱም ወገን የተመረጠ ሰው ይሁን። ሽልማቱ ገንዘብ ባይሆን እንወዳለን፤ ገንዘብ ውርርድን ያመጣል። ላሸነፈውም ለወደቀውም አንድ ዓይነት ጋቢ ቢለበስ ወጪው ብዙ አይደለም።

የሰሊጡ አጨዳ በኅዳር ያልቃል፤ ልደት ታኅሣሥ 29 ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ደጋ ሳይመለስ፣ ገበሬውም እህሉን ሸጦ ገንዘብ በእጁ ሳለ፣ መጠጥ ቤቱም በሚሞላበት በዚህ አንድ ወር ውስጥ ሜዳውን ጠርጎ ማዘጋጀት ይቻላል።